በሁለት ዶሮ ዋጋ መሞቴ

መጋቢት 24 ቀን 1997 ዓ.ም.
ከአክስቴ ከአዛለች ጎጆ፣ ከሞላሌ ወዲያ

ለበኩር ልጄ ለወንድምአገኝ፣ አሶሳ

ወንድዬ፣ ጤናህ እንዴት ነው? የአገሩ ሙቀትስ ለመደህ? እኛ ሁላችንም ደኅና ነን። ምንተስኖት ቁመቱ የበሩን ጉበን ሊነካ ምንም አልቀረው። መሲ ሰባተኛ ክፍል ገብታለች። የበልጉ ዝናብ ዘግይቶም ቢሆን ጣለና ገብሱ በቅሏል። እኔም ከመሞቴ በቀር ደኅና ነኝ።

አትደንግጥ፤ የምጽፍልህ እኔው ራሴ ነኝ። የሞትሁት በቀበሌው መዝገብ ላይ ነው። ከሞትሁም አራት ዓመት ሆኖኛል። ማንም ስላልነገረኝ ነው እንጂ አርፌ እተኛ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት የመሬት ኮሚቴው የይዞታ ደብተር ሊሰጥ ነው፣ ደብተሩ ላይ ፎቶ ስለሚለጠፍ ባልም ሚስትም ቀርባችሁ ተነሡ ተብሎ ተነገረ። ፎቶ አንሺው ከመሐል ሜዳ መጣና በቀበሌው ግድግዳ ላይ አንሶላ ሰቀለ። እኔም ነጠላዬን አጥቤ፣ ጎረቤታችን ጌታነሽ ፀጉሬን ሠርታልኝ፣ ከአባትህ ጋር ሄጄ ተሰለፍሁ። በዕድሜዬ ፎቶ ተነሥቼ ስለማላውቅ አፌን ገጥሜ ልነሣ ወይስ ፈገግ ልበል እያልሁ ስጨነቅ ተራዬ ደረሰ።

ጸሐፊው ልጅ እግር ነው፤ ጨዋ ነው። «ስምዎን ማን ልበል፣ እትዬ?» አለኝ።

«ጥሩሸዋ ጎርፉ።»

መዝገቡን ገለጠ። መዝገቡን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና መዝገቡን አየ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎ የሉም» አለኝ።

«የት ሄድሁ?»

«በ1993 ዓ.ም. ነው ያረፉት። ከአክስትዎ የወረሱት አራቱ ጥማድ በልጆችዎ በምንተስኖትና በመሲ ስም ዞሯል። ሞግዚታቸው አቶ ገሠሠ ናቸው። የሙት ልጆች ስለሆኑ እስኪያድጉ ድረስ ግብር የለባቸውም።»

ከኋላ አንዱ «ነፍስ ይማር!» አለና ሰልፉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ጌታነሽማ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «አንቺ! አሁን በቀደም ሽሮ የተበደርሽኝ ማን ነሽ ታዲያ?» አለችኝ። እኔም እስቅ ነበር፤ ዞር ብዬ አባትህን ባላየው ኖሮ። ከኋላዬ ቆሞ ጫማውን ያያል። ወሬው አላስደነገጠውም። ሰው ሚስትህ ሞታለች ሲባል እንዲያ ቆሞ ጫማውን አያይም።

አባትህን ከተጋባን ጀምሮ አንቱ እያልሁ እንደኖርሁ ታውቃለህ። እናቴ ያስተማረችኝ እንደዚያ ነው። በዚያች ቀን በሰው ፊት «አንተ!» አልሁት። ከዚያ ወዲህም አልተመለስሁም። የሞተች ሴት አክብሮት አይጠየቅባትም።

እቤት ስንገባ አስቀምጬ ጠየቅሁት። መካድ እንኳ አላሰበም። «ወረቀት እኮ ነው» አለኝ። በዚያ ዓመት ስለ ግብር የተደረገው ስብሰባ ትዝ ይልህ ይሆናል፤ ፈተና ጨርሰህ ቤት የተቀመጥህበት ጊዜ ነው። መሬቱ ሰፋ ያለ ብዙ ይከፍላል፣ ያነሰ ጥቂት ይከፍላል፣ እናት ወይ አባት የሞተባቸው ሕፃናት መሬት ግን እስኪያድጉ ይማራል ተባለ። ሰዉ የሰማው እንደዚያ ነው። ከዚያ በኋላ የአገራችን ወንዶች ልጆቻቸውን እንደ በግ ይቆጥሩ ጀመር። አንዱ የክርስትና ልጁን የራሴ ነው ብሎ አስመዘገበ። የጎረቤታችን የኮከቤ ባል ደግሞ በሆዷ ላለው ፅንስ የወንድ ስም አውጥቶ ግማሽ ጥማድ ሰጠው፤ የተወለደችው ሴት ሆና ስሙን እስከ ዛሬ ተሸክማዋለች።

አባትህም አንድ ቀን ደጃፉ ላይ ተቀምጦ መሬቱን በእንጨት ይጭር ነበር። ይህ ለወንድምአገኝ፣ ጎልማሳ ስለሆነ ለብቻው ይቆጠራል፤ ያ ለምንተስኖት፤ ያ ለመሲ ይላል። በበሩ በኩል ሳየው ልጆቼ ነገ እንዳይጣሉ ከወዲሁ ሊያካፍላቸው ነው፣ አይ አባት ብዬ ደስ አለኝ። ቅንጬ በቅቤ አሽቼ አቀረብሁለት። ሰፍ ብሎ በላው። ለካስ መሬት ላይ እየጫረ እኔን መቅበሩ ነበር!

«በዓመት ስንት አተረፍህብኝ?» አልሁት።

«አተረፍሁልሽ በይ እንጂ። ሃያ ስምንት ብር።»

ሃያ ስምንት ብር! የሁለት ዶሮ ዋጋ እኮ ነው። እነሱም ቄብ ከሆኑ ነው፤ ለፋሲካ ገበያማ አንዱንም በደኅና አይገዛም።

«ሰው መሞት ካለበትስ አንተ ለምን አልሞትህም?»

«እኔ ከሞትሁ ማን ይፈርማል?» አለኝ፤ ሲናገር ደግሞ ከልቡ ነው። «ደግሞስ መሬቱ ያንቺ ነው። የሚሞተው ባለመሬቱ ነው እንጂ። አንዲት ፀጉርሽን ነክቻለሁ? ተዝካርሽን አውጥቻለሁ?»

ወንድዬ፣ እኔን ያስጠላኝ መሞቴ አይደለም። ሰው ግብር ሸሽቶ ብዙ ነገር ያደርጋል፤ የአባቶቻችንም ወግ ነው። የሚቀፈኝ አራት ዓመት ሙሉ ከገደላት ሴት ጎን ተኝቶ መነሣቱ ነው። የሠራሁትን በልቷል፣ ከእርሻ ሲመጣ እግሩን አጥቤዋለሁ፣ ወባ ይዞት ከቆላ የተመለሰ ጊዜ አሥራ ሁለት ቀን አስታምሜዋለሁ። አገር ደግሞ ገሠሠን የመሰለ ደግ የለም ይላል። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት እሱ ነው። በዚያ ቀን እጁን ወደ ገበታው ሲሰድ አየሁት። ተነሥቼ ወጣሁ።

ይህ ብቻ ቢሆን ይቅር ባልሁት። የመሲ ነገር ነው የባሰብኝ። አምና ትምህርት ቤት ለሙት ልጆች ደብተርና የላስቲክ ጫማ ሲታደል የሷም ስም ከቀበሌው በመጣው ዝርዝር ውስጥ ነበረ። መምህሩ «እናትሽ አርፋለች አይደል?» ሲላት አዎን አለችው። አባቷ አስቀድሞ «እናትሽ አለች ያልሽ ቀን እኔ እታሰራለሁ» ብሏት ኖሯል። ልጄ አንድ ዓመት ሙሉ ጠዋት እኔ የቋጠርሁላትን ቆሎ ይዛ ትሄዳለች፣ እዚያ ስትደርስ እናት የላትም። ጫማውን ድንጋይ ካብ ውስጥ እየደበቀች ከቤት ከራቀች በኋላ ነበር የምታጠልቀው። ነገሩ ከወጣ በኋላ አምጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠችው። ሰማያዊ ነው፤ ጥሩ ጫማ ነው። «እማዬ፣ እኔ እኮ እንድትሞቺ አልፈለግሁም» አለችኝና ማልቀስ ጀመረች። ምን ልበላት? እናትን ማስካድ ለሕፃን የሚሰጥ ትምህርት ነው? እፍ! አፈር ይብላ ብዬ እንዳልረግመው የልጆቼ አባት ነው።

በማግስቱ ዕቃዬን ይዤ ወደ አዛለች ጎጆ መጣሁ። መሲ አብራኝ ናት። አዛለች ጧሪ አልነበራትምና እኔው ጦሬ፣ እኔው ቀብሬ፣ በሽማግሌ ፊት አራቱን ጥማድ የተወችልኝ ለእንዲህ ያለ ቀን ይመስለኛል። ያን መሬት አንተም ታውቀዋለህ። ኮሌጅ ስትገባ የላክሁልህ ብር ከዚያ ባቄላና ተልባ የወጣ ነው።

ላንተ መንገር ያለብኝ ዋናው ነገር ይኸው ነው። መሬቱ ሊሄድብኝ ነው። ሞላሌ ያለ አንድ ነጋዴ ባሕር ዛፍ ሊተክልበት ለዐሥር ዓመት በኪራይ ጠይቋል። አባትህም ሞግዚት ነኝ ብሎ ሊሰጠው ቃል ገብቷል። ደብተሩ በልጆቹ ስም ከወጣ በዚህች ጎጆ እንኳ የማድረው በሱ ፈቃድ ነው። ባሕር ዛፍ አንዴ ከገባ ደግሞ ያ አፈር ገብስ እንደማያበቅል አንተን አላስተምርህም።

ልፍታውና ድርሻዬን ልካፈል ብዬ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ሄድሁ። ዳኛው ወረቀቴን አይቶ «እትዬ፣ ጋብቻው እኮ በሞትዎ ምክንያት ቀድሞ ፈርሷል» አለኝ። ከሰማሁት ሁሉ ደስ ያለኝ ይህ ብቻ ነው። ድርሻዬስ ስለው፣ የሟች ድርሻ ለወራሾች ነው አለኝ። በመጨረሻ፣ ቅሬታ ያለው እስከ ሚያዝያ ሠላሳ ለመሬት ኮሚቴው ያቅርብ፣ ከዚያ በኋላ ደብተሩ ማኅተም ተመቶበት ይወጣል ብለው መለሱኝ። ከወጣ በኋላ መንገዱ ወረዳ ፍርድ ቤት ነው፤ እሱ ደግሞ የኔ አቅም አይደለም።

ስለዚህ ትናንት ኮሚቴው ፊት ቀረብሁ። የነፍስ አባቴ መምሬ አብረውኝ መጡ። እንዲህ ናቸው እሳቸው፤ ገና ሳይቀመጡ «በየዓመቱ አቆርባታለሁ። ሙት አቁርቤ ከሆነ መጀመሪያ እኔ ልከሰስ!» ብለው መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱ።

ሊቀ መንበሩ ሳቀ። «መምሬ፣ መኖራቸውን ማን ካደ? ይኸው ቆመው ያነጋግሩናል። ያስቸገረን ወረቀቱ ነው። ሦስት ሰው ምሎ የፈረመበትን ዝም ብለን አንሰርዝም። ወይ ከሦስቱ አንዱ መጥቶ ዋሽቼ ነው ይበል፣ ወይ ምስክሩ ሐሰተኛ መሆኑ ይረጋገጥ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው ለካስ ለዚህ ነው።

ምስክሮቹን ተራ በተራ ጠሩ። አንደኛው አጎትህ አፈወርቅ ነው። እሱ አምና በጥር ሞቷል፤ እሱስ የእውነቱን ነው። ለተዝካሩ ጠላ የጠመቅሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛው ወደ ቆላ ለቀን ሥራ ወርዶ የገባበት አይታወቅም። ሦስተኛው ተስፋዬ ገብሬ ይላል። በቀበሌያችን ተስፋዬ ገብሬ የሚባል ሰው ተወልዶም ሞቶም አያውቅም።

ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዞረው። «ይህ ስም የፈጠራ ነው» አለ። «የጻፈው እጅ ግን አለ። ማመልከቻውን የጻፈው እጅና ይህ ፊርማ አንድ ናቸው። እትዬ ጥሩሸዋ፣ የማን እጅ እንደሆነ ቢያውቁልን ወረቀቱ ዛሬውኑ ይሰረዛል፤ መሬትዎም ይመለሳል። ሰውዬው ግን በሐሰት ይከሰሳል። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነም እንጀራው ቀረ።»

ወረቀቱን ሰጠኝ። አባትህ ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ከተጋባን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኑ ለመነኝ። ለራሱ መስሎኝ ነበር።

ወንድዬ፣ አነበብሁት። ጽሕፈቱ ያምራል። «ባለቤቴ ወይዘሮ ጥሩሸዋ ጎርፉ በድንገተኛ ሕመም ታመው ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለዩ» ይላል። ታመው፣ ተለዩ ብሎ በአክብሮት ነው የገደለኝ። አባትህ እኔን እንዲህ ጠርቶኝ አያውቅም። ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን በጣቴ ዳሰስሁት። ፊደሉ ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል። ብዕሩን ተጭኖ የሚጽፍ ሰው ነው የጻፈው። ከአሶሳ የሚመጡልኝን ደብዳቤዎች አንብቤ ስጨርስ ጀርባቸውን የመዳሰስ ልማድ አለኝ፤ ይህን ማንም አያውቅም፣ አንተም አታውቅም። እጅህን የያዝሁ ይመስለኛል።

«ያውቁታል?» አለኝ ሊቀ መንበሩ።

«እኔ ማንበብ አልችልም» አልሁት።

መምሬ ቀና ብለው አዩኝ። ሰንበት ሰንበት ቤተ ክርስቲያን ጥግ ላይ ዳዊቴን ገልጬ ስደግም የሚያዩኝ እሳቸው ናቸው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ መቋሚያቸውን አንሥተው ወጡ። ጸሐፊው «ሦስተኛውን ምስክር አላውቀውም» ብሎ ጻፈና መፈረሚያውን አሳየኝ። ማንበብ የማትችል ሴት በብዕር አትፈርምምና አውራ ጣቴን ቀለም ውስጥ አስገብቼ አተምሁ። የዚህ ወረቀት ጥግ ላይ የምታየው ሰማያዊ እድፍ እሱ ነው። በአመድም አልለቅ አለኝ።

አባትህ የገደለኝን እኔ ራሴ በጣቴ አጸደቅሁት። ስወጣ ከኋላዬ መጥቶ «እግዜር ይስጥሽ» አለኝ። ምራቄን መሬት ላይ እንትፍ አልሁ። ለሱ ብቻ እንዳይመስልህ፤ የራሴም ነገር ቀፍፎኝ ነበር። ለዚያች አፍታ አንተም ቀፈፍኸኝ። ይህን ለልጅ መጻፍ እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ግን ትናንት አንዴ ዋሽቻለሁ፣ ይበቃኛል። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርህ። አባትህ ጻፍ አለህ፣ ጻፍህ። ይህን ለራሴ መቶ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ታዲያ ከዚያ ወዲህ በጻፍህልኝ ደብዳቤ ሁሉ ላይ «ለውድ እናቴ» ስትል እጅህ አንድ ቀን አላቆመም ወይ? አሁን አንተ ለልጆች ሥነ ዜጋ የምታስተምር ሰው ነህ። ክፍል ገብተህ ምን እንደምትላቸው ሳስብ አንዳንዴ ሳቄ ይመጣል፣ አንዳንዴ አይመጣም።

ጌታነሽ ቂል ትለኛለች፤ እውነቱን ለሷም አልነገርኋትም። «አራት ጥማድ መሬት እያለሽ እንዴት ዝም ትያለሽ?» ትለኛለች። መሲ ደግሞ ትናንት ማታ «እማዬ፣ አሁን ተነሣሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ገና ነው አልኋት።

ነገ ደብረ ዘይት ነው። ፋሲካ ሚያዝያ ሃያ ሦስት ይውላል። የናንተ ዕረፍት ስንት ቀን እንደሆነ አላውቅም፤ ከአሶሳ እዚህ ለመድረስም ስንት ቀን እንደሚፈጅ አላውቅም። ና አልልህም። እንጀራህን ጥለህ ና የሚል አንደበት የለኝም፤ ቢኖረኝ ኖሮ ትናንት እዚያው እናገረው ነበር። አትምጣም አልልህም። አንተን ያስተማረው መሬት መሆኑን ነግሬሃለሁ፣ የቅሬታው ቀን መቼ እንደሚያልቅ ነግሬሃለሁ።

ይህን ደብዳቤ የጌታነሽ ልጅ ደብረ ብርሃን ሲወርድ ፖስታ ቤት ያስገባልኛል። አንብበህ ስትጨርስ በሳጥንህ አታስቀምጠው። ማንበብ የማትችል ሴት ይህን አትጽፍምና ያየው ሰው ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። ወይ ቅደደው፣ ወይ ይዘኸው ና።

የአዛለች አምላክ በሄድህበት ይከተልህ። ከክፉ ባልንጀራ፣ ከቆላ ንዳድ ይሰውርህ። ልጅ ወልደህ ለመሳም ያብቃህ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ግን እጅህን ይባርክልኝ።

እናትህ
ጥሩሸዋ ጎርፉ
(በብዕር የፈረምሁት)